ልጅን ከኋላ አስቀምጦ ረጅም መንገድ፦ ለሚነሱ ወላጆች

ልጃችሁን ከኋላ አስቀምጣችሁ በሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ ልትወጡ ካሰባችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔና ትልቋ ልጄ፣ ያኔ 14 ዓመቷ ነበር፣ አብረን ብዙ አገር አቋርጠናል። ተራራ ወጥተን ወርደናል፤ ዝናቡንም ሐሩሩንም አይተነዋል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን ልጄን ላጣት እችል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለታችንም በሰላም ገባን። እኔ በድንጋጤ የተማርኩትን ሌላው ወላጅ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ቢያውቀው ብዬ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

የምለው ነገር አንድ ነው። ከልጅ ጋር ሲኬድ የቀኑን ርቀት፣ ፍጥነቱንና የማረፊያውን ሰዓት መወሰን ያለበት መሪ የያዘው ሰው አቅም አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ አቅም ነው። ለመናገር ይቀላል። መንገድ ላይ ሆኖ፣ ያውም ሰዓቱ ሲገፋና ደመናው ሲጠቁር፣ መፈጸሙ ግን ይከብዳል።

ሞተር መንዳት የጀመርኩት በወጣትነቴ ነው። ብቻዬን ስጓዝ ሲደክመኝ አቆማለሁ፣ ሲያሰኘኝ ሌሊቱን ስነዳ አድራለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ልጆች ሲወለዱ ሞተሩን ሸጥኩት፤ ለብዙ ዓመትም ዞር ብዬ አላየሁትም። በኋላ እንደገና ስገዛ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ወንበሩ ላይ የወጣችው ትልቋ ልጄ ነበረች። «አባዬ፣ ሩቅ ቦታ ውሰደኝ» አለችኝ። በአጭር አጭር መንገድ ጀመርን፤ ቀጥሎ ሙሉ ቀን፤ ቀጥሎ አድሮ መመለስ። የረጅሙን ጉዞ ነገር ስናነሳ ባለቤቴ ይከራከሩኛል ብዬ ከጠበቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ያነሰ ነው የተከራከረችኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «በቃኝ ስትልህ ትሰማታለህ?»

«እንዴት አልሰማትም!» አልኳት፤ ከልቤም ነበር። ልጅ «በቃኝ» የሚለው ሁልጊዜ በአፉ እንዳልሆነ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ስለ ዝግጅት ብዙ የሚባል አለ፤ እኔ ሰው በሚዘነጋቸው ላይ ላተኩር። መጀመሪያ ሕጉን እዩ። ልጅ ከኋላ እንዲቀመጥ የሚፈቀድበት ዕድሜ ከአገር አገር ይለያያል፤ የመነሻችሁን ብቻ ሳይሆን የምታልፉባቸውን አገሮች ሁሉ ሕግ አጣሩ። ከዕድሜው በላይ ደግሞ ቁመቱ ነው ወሳኙ። ልጁ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ሁለት እግሮቹ መርገጫው ላይ በሙሉ ካላረፉ፣ በጣቶቹ ብቻ የሚነካው ከሆነ፣ ገና ነው ማለት ነው። ኩርባ ላይና ፍሬን ሲያዝ ሰውነቱን የሚደግፈው በእግሩ ነው፤ እጅ ብቻውን አይችለውም።

ሄልሜት ስትገዙ «ያድግበታል» ብላችሁ ሰፊ አትግዙ። ለጫማና ለልብስ የለመድነው ስለሆነ ብዙ ወላጅ ሳያስበው ያደርገዋል። ሰፊ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ይሽከረከራል፤ ብሶም ከራስ ላይ ወልቆ ይሄዳል። ልክ የሆነው ጉንጭን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝና ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ የማይወልቅ ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስቦ የመዘነ ሰፊ ግምገማ፣ ሄልሜት አደጋ የደረሰበትን ሞተረኛ የመሞት ዕድል 42 በመቶ፣ የራስ ጉዳቱን ደግሞ 69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ሄልሜቱ ልክ ሆኖ ሲታሰር ነው። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ደግሞ ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨምቆ ሥራውን ጨርሷል፤ ታሪኩን የማታውቁትን ያገለገለ ሄልሜት ለልጅ አትግዙ። ጃኬቱም እንዲሁ ነው፤ የክርንና የትከሻ መከላከያው መገጣጠሚያው ላይ ካላረፈ ክብደት ከመሆን አያልፍም።

በዝግጅቱ ሰሞን ልጄ አንድ የቆየ ታሪክ አግኝታ አነበበችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1915 ኤፊ ሆችኪስ የተባለች ወጣት እናቷን አቪስን ሳይድካር፣ ማለትም ከሞተሩ ጎን የሚያያዝ መቀመጫ፣ ላይ አስቀምጣ፣ በሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ከኒው ዮርክ ብሩክሊን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዳለች። ሜይ ላይ ተነስተው የደረሱት ኦገስት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የረባ መንገድ የለም፤ የጎማው የውስጥ ላስቲክ አልቆባቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው ጎማ ውስጥ እስከ መክተት ደርሰዋል። ደግሞም እዚያ አልቀሩም፤ በሞተሩ ተመልሰዋል። ልጄ ካነበበች በኋላ ቀና ብላ «ከሁለቱ ግን ዛሬ ይብቃን የምትለው የትኛዋ ነበረች?» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። የእሷም የእናቷም ጥያቄ አንድ እንደነበር ያስተዋልኩት ተራራው ላይ ነው።

ሞተሩም ቢሆን ሰው ሲጨመርበት ጠባዩ ይለወጣል። ከኋላ የልጅና የዕቃ ክብደት ሲያርፍ የኋላው ሾክ (የመንገዱን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ይወርዳል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የፊት መብራቱም ወደ ላይ አንጋጦ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ስለዚህ የሾኩን ሞላ አጥብቁ፤ የጎማውን ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ መመሪያው ለሁለት ሰው በሚለው ልክ ሙሉ፤ መብራቱንም ዝቅ አድርጉ። የካቴናውን ልልነት ሰው ተጭኖበት ሳለ እንዳይወጠር በመመሪያው መሠረት አስተካክሉ። የጎማውን ዕድሜም እዩ፤ ጎኑ ላይ የታተሙት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና አይደለም፤ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ከባድ ዕቃ ዝቅ ብሎና ወደ መሐል ተጠግቶ ይታሰር እንጂ ከልጁ ጀርባ ከፍ ተደርጎ አይቆለል።

ከሁሉ በላይ ግን ባዶ ሜዳ ፈልጋችሁ ልጁን ከኋላ አስቀምጣችሁ ፍሬን መያዝ ተለማመዱ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ በዚያ ላይ የልጁ ክብደት ወደ ፊት ይገፋችኋል። ልጄ በጭኗ ወንበሩን ጨምቃ በመዳፏ የነዳጅ ታንከሩን መግፋት እስክትለምድ ድረስ ደጋገምነው። ኩርባ ላይ ከእኔ ጋር አብራ እንድታጋድል፣ በምንዞርበት በኩል ባለው ትከሻዬ ላይ አሻግራ እንድታይ ነገርኳት፤ ያን ያወቀ ልጅ በተቃራኒው አይጎትትም። እኔ በራሴ ምልክት ሳልሰጥ አትወጣም፣ አትወርድምም። ትከሻዬን አንዴ መታ ካደረገች «ቀስ በል»፣ ሁለቴ ከሆነ «አቁም» ማለት ነው። ሄልሜታችን ላይ የሚገጠም መነጋገሪያ፣ ኢንተርኮም፣ ነበረን፤ ባትሪ ያልቃል፣ ዝናብ ይገባዋል፤ የእጅ ምልክት ግን አይጠፋም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አድርገን ነው የተነሳነው። ወደዚያ ቀን ልግባ።

ጠዋት ፀሐይ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ከፍ ያለ ተራራ ማለፍ ነበረብን፤ ማደሪያ የያዝነው ከተራራው ማዶ ነው። ዳገቱን እንደጀመርን ዝናቡ መጣ። የዝናብ ልብስ ለበስን፤ የእሷ ግን አንገቱ ላይ በደንብ አይዘጋም ነበርና ውኃው ከሄልሜቷ ሥር እየወረደ በጀርባዋ ይገባል። እኔ ከፊቴ የንፋስ መከላከያ አለኝ፤ መሪው ላይ ያለው ማሞቂያ እጄን ያሞቀኛል፤ ማርሽ እቀይራለሁ፣ ፍሬን እይዛለሁ፣ ገላዬ ይንቀሳቀሳል። እሷ ግን ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው። ያለ እንቅስቃሴ የተቀመጠ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ከፍታውም እየጨመረ ነበር፤ 1000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል።

መጀመሪያ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ በጀርባዬ ይሰማኛል። «በረደሽ?» አልኳት በኢንተርኮሙ። «ትንሽ» አለች። «ጥቂት ነው የቀረን፣ ትችያለሽ?» «እሺ፣ እችላለሁ»።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አባት ወይም እናት «ትችላለህ?» ብሎ ሲጠይቅ «አልችልም» የሚል ልጅ ስንት ነው? ጥያቄው ውስጥ የምንፈልገው መልስ አለ፤ ልጅ ደግሞ የምንፈልገውን ከእኛ በፊት ያውቃል።

ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ። ተሻላት ብዬ ልቤ አረፈ። ከዚያ ሄልሜቷ የእኔን ሄልሜት ከኋላ ይነካካ ጀመር። ቀስ ብሎ፣ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ ደግሞ እንደገና። ወገቤን የያዙት እጆቿ ላሉ። ስሟን ጠራሁ። መለሰችልኝ፤ ግን ቃሉ ግማሹ ተውጧል፣ ምላሷ ተሳስሯል። መንገዱ ጠባብ፣ በአንድ ወገን ገደል ነው። ማርሽ ቀንሼ፣ በግራ እጄ ሁለቱን እጆቿን ሆዴ ላይ ጨምቄ ይዤ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያልኩ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቆምኩ። ፍሪሲዮን የምይዝበት እጅ አልነበረኝምና ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ።

ራሷን ችላ መውረድ አልቻለችም። የሄልሜቷን ማሰሪያ ልትፈታ ጣቶቿን አነሳች፤ አልታዘዝ አሏት። ከንፈሯ ጠቁሯል። «አባዬ፣ እዚህ እንተኛ» አለችኝ፤ ዝናብ ላይ፣ ጠጠር ላይ።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አይቶን ቆመ። በቋንቋ አንግባባም፤ መግባባትም አላስፈለገንም። አቅፈን ጋቢናው ውስጥ አስገባናት፣ ማሞቂያውን ከፈተ፣ እርጥቡን ልብስ ሁሉ አውልቄ ደረቅ አለበስኳት፣ በመኝታ ከረጢት ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቀፍኳት። ሞተሩን እዚያው ጥለን ቁልቁል ወርደን ሕክምና ቦታ ደረስን። መንገድ ላይ መንቀጥቀጡ ሲመለስባት ሹፌሩ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ያኔ ነው ጥሩ ምልክት መሆኑ የገባኝ። ያን ሰው ዳግም አላገኘሁትም፤ እስካሁን ግን በጸሎቴ አለ።

ይህን ሁሉም ወላጅ ይያዝ፦ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ሃይፖሰርሚያ ይባላል፤ ለዚያ ደግሞ በረዶ መዝነብ የለበትም። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው ብርድ የ4 ዲግሪ ያህል ነው፤ ልብሱ ከራሰ ደግሞ ይብሳል። መንቀጥቀጥ ሰውነት ራሱን ለማሞቅ የሚያደርገው ትግል ነው። ብርዱ ሳይቀንስ መንቀጥቀጡ ብቻ ከቆመ ሰውነቱ እየተሸነፈ ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የምላስ መተሳሰር፣ የእጅ መላላት፣ ግራ መጋባት የድንገተኛ ሕክምና ምልክቶች ናቸው። ከዝናብና ከንፋስ አውጡት፤ እርጥብ ልብስ አውልቁ፤ መጀመሪያ ደረቱን፣ ብብቱንና አንገቱን አሙቁ። እጅና እግርን አታሹ፤ የፈላ ነገርም አታስነኩ። ጣፋጭ ትኩስ መጠጥ የሚሰጠው በደንብ ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ብቻ ነው። ደረቅ የውስጥ ልብስ በማይረጥብ ከረጢት፣ ከዕቃው ሁሉ በላይ፣ በቀላሉ በምታገኙት ቦታ ይኑር።

ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ። ሳልቀንስ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ስልኩን ለእሷ ስጣት» አለችኝ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ልጄ ከእናቷ ጋር ተነጋግራ ስትጨርስ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «እማዬ ለምን አልነገርሽውም አለችኝ» አለች። «ምን አልሻት?» አልኳት። «ጉዞውን እንዳላበላሽብህ ብዬ ነው አልኳት። ከሁለታችን ደካማዋ እኔ ነኝ እንዳትል ብዬ።»

ከዚያ በኋላ የተናገርነው ብዙ ነው፤ ሁሉንም አልጽፈውም። ወደ ቤት እንመለስ ብያት ነበር፤ እሷ መቀጠል ፈለገች። መቀጠልም መመለስም የእሷ ውሳኔ እንዲሆን ከእናቷ ጋር ተስማማን፤ ጥቂት ቀን አርፈን፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ አንገቱ የሚዘጋ የዝናብ ልብስ ገዝተን ቀጠልን። ሞተሩን ከተውነው ቦታ አገኘነው።

ከዚያ ወዲያ የሄድነው በሌላ ስምምነት ነው። «አቁም» ካለች አቆማለሁ፤ ለምን አልልም፤ ማታም አላነሳባትም። ምክንያት እንድታቀርብ የተጠየቀች ልጅ ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም እያለች ነው የምትቆየው። «ትችያለሽ?» የሚለውን ጥያቄም ተውኩት። በምትኩ «ጣቶችሽ ስንት ይሰሙሻል?» ወይም «ከአንድ እስከ አሥር ብርዱ ስንት ደርሷል?» እላታለሁ፤ ሲያሰጋኝ ደግሞ ከሃያ ወደ ኋላ ሦስት ሦስት እየቀነሰች እንድትቆጥር አደርጋለሁ። ቁጥሩ ከተንገታገተ ማቆም ነው። የአየር ትንበያ ማየትና የእኩለ ቀን ማረፊያ መምረጥ የእሷ ሥራ ሆነ። ተራራ ባለበት ቀን ማደሪያ ከማዶም ከወዲህም እናያለን፤ ከማዶ ብቻ የያዘ ሰው አየሩ ሲበላሽ ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። ሌላው ትልቅ ነገር፣ እኔም ድካሜን መናገር ጀመርኩ። «ዛሬ እኔ በቃኝ» ስላት መጀመሪያ በመገረም አየችኝ። አባቷ ሲለው የሰማችውን ቃል እሷም ለማለት አልከበዳትም።

የቀኑን ርቀትም ወደ ግማሽ አወረድነው። በሞተረኞች ዘንድ ርቀት ክብር አለው። አይረን በት የተባለው ማኅበር በ24 ሰዓት ውስጥ 1000 ማይል፣ ማለትም 1600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለነዳ ሰው ዕውቅና ይሰጣል፤ የሚያደርጉትን አከብራለሁ፣ ዝግጅታቸውም የሚያስቀና ነው። ያ ግን የራሱን ገላ የሚያውቅ የአዋቂ ሰው ፈተና ነው። ከልጅ ጋር በየሰዓቱ ገደማ ወርዶ እግር ማፍታታት፣ ሳይጠማ መጠጣት፣ ከመምሸቱ በፊት መግባት ነው የሚሻለው። እኛ ቀኑ ሳይመሽ ስንገባ የቀረው ሰዓት የት ሄደ መሰላችሁ? ለወሬ።

ስለዚህ ወሬ ትንሽ ላውራችሁ፤ ከልጅ ጋር በሞተር መሄድን የወደድኩበት ትልቁ ምክንያት ነውና። ሞተር ላይ ፊት ለፊት አትተያዩም። ልጁ ከጀርባችሁ ነው፤ መንገዱን ነው የምታዩት፤ ዝምታ አያሳፍርም። ልጄ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ስጠይቃት ያልነገረችኝን ነገር አንድ ሜዳማ መንገድ ላይ በኢንተርኮሙ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ትምህርት ቤት ጓደኞቿ እንደራቋት፣ ለወራት ምሳ ብቻዋን እንደምትበላ። ዞር ብዬ ፊቷን ማየት አልችልም፤ ባይም ኖሮ የምትጨርሰው አይመስለኝም። ምክር መስጠት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «እየሰማሁሽ ነው» ብቻ አልኳት፤ ቀጠለች። በዚያው ቀን ትከሻዬን ሁለቴ መታ አደረገች። ምንም ብርድ የለም፣ ድካምም የለም። ቆምን፤ መንገድ ዳር ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ለምን አቆምን ብዬ ብጠይቅ የሚያስረዳ ምክንያት የሌለው መቆም ነበር።

ሌሎች ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። ሙቀት እንደ ብርዱ ይጎዳል፦ አየሩ ከሰውነት ሙቀት፣ ከ37 ዲግሪ ገደማ፣ ሲያልፍ ንፋሱ ማቀዝቀዙን ትቶ ያሞቃል፤ ያኔ ጃኬት ማውለቅ ሳይሆን ከሥር ያለውን ቲሸርት ማርጠብና ቶሎ ቶሎ ውኃ መጠጣት ነው። ጆሮንም አትርሱ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል፤ 85ን የሚያልፍ ድምፅ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ከተሰማ የመስማት ችሎታን ይጎዳል። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፣ ለልጁም ለእናንተም ያዙ። መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪናው አይቶኛል ብላችሁ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የተመራማሪው የሃሪ ኸርት የሞተር አደጋ ጥናት፣ ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ሌላው ሹፌር ቅድሚያ ነፍጎ ያደረሳቸው መሆናቸውን አሳይቷል፤ ብዙዎቹም ሞተሩን አላየሁም ባዮች ነበሩ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከሁለት ወላጅ አንዱ ብቻ ከልጅ ጋር ድንበር ሲሻገር የሌላው ወላጅ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል፤ ባይጠየቅም ይዛችሁ ሂዱ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1968 በወጡ ሁለት ስምምነቶች ላይ የተመሠረተ ነው፤ የፊተኛው ለአንድ ዓመት፣ የኋለኛው ቢበዛ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። አንዱን የሚቀበል አገር ሌላውን ላይቀበል ስለሚችል በየአገሩ የትኛው እንደሚሠራ ጠይቁ። ኢንሹራንሱ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው መሸፈኑን፣ የሕክምናው ውል ደግሞ ሞተር ሳይክልን አለማስቀረቱን በጽሑፍ አረጋግጡ። የደም ዓይነት፣ አለርጂ፣ የሚወሰድ መድኃኒትና የቤት ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከጃኬት ኪስ ይሁን፤ የእኔን እሷ፣ የእሷን እኔ እንይዝ ነበር።

አሁን ስለ ቤት። ጉዞ የሚወጣው ሰው ብቻ የሚጓዝ ይመስለናል። ባለቤቴ ያን ሁሉ ሳምንት ከትንሹ ልጃችን ጋር ቤቱን ይዛ፣ ሥራዋን እየሠራች፣ ስልኳ ላይ ያለችውን ነጥብ እያየች ነው የከረመችው። ያለንበትን ቦታ የሚያሳየው መተግበሪያ ይረዳታል ብዬ ነበር የከፈትኩላት። ተራራ ላይ ሲግናል ሲጠፋ ነጥቧ ባለችበት ቀጥ ትላለች፤ ቤት ላለው ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፦ ድምፃችሁ ሲጠፋ እስከ ስንት ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ ለማን ይደወላል፣ ምን ይባላል። ይህ ሲወሰን ፍርሃቱ ባይጠፋም ሌሊቱን ሙሉ አያነቃም። ማታ ስደውልም መጀመሪያ የእሷን ቀን መስማት ለመድኩ፤ የእኛ ቀን ሁልጊዜ ወሬ አለው፣ የቤቱ ድካም ግን ካልተጠየቀ አይነገርም።

ትንሹ ልጃችን ስልክ አላናግርም ብሎ ነበር። ስመለስም ለጥቂት ቀን ይሸሸኝ ነበር፤ እህቱ ላይ ደግሞ ይቆጣል። ስጦታ ይዘን ብንመጣም አልነካውም። የሠራው አብሮት መቆየት ነው፤ በየማታው እኔ ሳልኖር ምን ምን እንደሆነ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት፤ ሲነግረኝ የራሴን መንገድ ጣልቃ አላስገባም። አንድ ቀን በራሱ ጊዜ ካርታውን አምጥቶ የት የት እንደነበርን ጠየቀኝ። ሁለት ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ለሚቀረው ልጅ የራሱ ጊዜ ከጉዞው በፊት ተይዞለት ቀኑን አውቆት ቢቆይ እመክራለሁ፤ «በሚቀጥለው አንተን» የሚል ቀን የሌለው ተስፋ ልጅ አያምነውም።

አሁን ልጄ አድጋለች፤ የራሷን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜዋ ደርሷል። እናቷም እኔም አልከለከልናትም። የተስማማነው ከቤተሰብ ሳይሆን ከአሠልጣኝ እንድትማር፣ ሞተሩ ለቁመቷና ለጉልበቷ የሚመጥን እንዲሆን፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ሰው ከኋላዋ ላታስቀምጥ ነው። የመጨረሻውን ያመጣችው እሷ ናት። እኔ ስድስት ወር ብዬ ነበር።